ጆሮው ነው ወይስ ስፒከሩ?

(በቀድሞ ተማሪዎች ማኅበራችን የዘንድሮ የመገናኛ ቀን የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ ደውለው «20 ደቂቃ የሚሆን ነገር ይዘህ ና» ሲሉኝ ስለ ቴሌኮም አወራለሁ ብለው የጠበቁ ይመስለኛል። በ1986 ዓ.ም. ከተመረቅሁ ጀምሮ የበላሁት የስልክ እንጀራ ነውና አይፈረድባቸውም። እኔ ግን ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ አሮጌ ስፒከር ነው። ቴሌቪዥን ሥር የሚቀመጥ፣ ጥቁር፣ ጋደም ያለ፣ ቁመቱ አንድ ክንድ የማይሞላ ስፒከር። ይኼ ስፒከር አራት ዓመት ሙሉ አባቴን ሲያሳጣቸው እኔ ኤሌክትሪካል ኢንጂነሩ ልጃቸው አብሬው ሳሳጣቸው ኖሬያለሁ። ታሪኩ የኑዛዜም ጠባይ ስላለው ትንሽ ታገሡኝ።

በ1992 ዓ.ም. ዋሽንግተን የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ ለአባታችን የቤት ሲኒማ ላከላቸው። አምስት ስፒከር፣ አንድ ወፍራም ድምፅ የሚያወጣ ሣጥን፣ ሁሉንም የሚነዳ አንድ አምፕሊፋየር። አምፕሊፋየሩ ለአሜሪካ መብራት የተሠራ ስለነበር ከ220 ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ገዛን። ትራንስፎርመሩ ከስፒከሮቹ ሁሉ ይከብድ ነበር፤ እየጮኸም ይሠራ ነበር። ሠፈሩ በሙሉ መጥቶ አየው። አባቴ 34 ዓመት አማርኛ ያስተማሩ ሰው ናቸው፤ የመጀመሪያውን ፊልም ከፍተን ሄሊኮፕተሩ ከኋላቸው መጥቶ በራሳቸው ላይ ሲያልፍ ጎንበስ ማለታቸውን እስከ ዛሬ እያነሣን እንስቃለን።

ለማታውቁት በአጭሩ ልንገራችሁ። ዶልቢ የተባለው ኩባንያ የሲኒማውን ዙሪያ ድምፅ ወደ ቤት ያስገባው እ.ኤ.አ. በ1982 ነው። በ1987 ፕሮ ሎጂክ የሚባለው ስልት ሲመጣ መሐል ላይ የሚቀመጥ ሦስተኛ የፊት ስፒከር ተጨመረ። በ1992 ደግሞ ዲጂታሉ ባለ 5.1 ስልት ሲኒማ ቤት ገባ፤ ጥቂት ቆይቶም ወደየቤቱ ደረሰ። በዚህ አሠራር ሙዚቃው ከግራና ከቀኝ ይመጣል፤ ጥይቱና ዝናቡ ከኋላም ጭምር ይመጣል። የሰው ንግግር ግን አብዛኛው የሚወጣው ከመሐለኛው ስፒከር ነው። ስለዚህ አምስቱን ስፒከር እንደ ቤተሰብ ብትቆጥሩት ተናጋሪው አንዱ ነው፤ ሌሎቹ አጃቢ ናቸው። መሐለኛው ከታመመ ፊልሙ ይጮሃል እንጂ አይናገርም።

የእኛ መሐለኛ በውስጡ ሁለት ዉፈርና በመሐላቸው አንድ ትንሽ ቱዊተር ነበረው። ዉፈሮቹ ወፍራሙንና መካከለኛውን ድምፅ ይይዛሉ፤ ቱዊተሩ ቀጭኑን። ለማን ምን እንደሚደርስ የሚያከፋፍለው ክሮስኦቨር የሚባለው ትንሽ ሰሌዳ ነው፤ የእኛው ላይ ጥቂት ኮይልና ካፓሲተር ብቻ ነበረበት።

አሁን ወደ አባቴ ልመለስ። ከ2006 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ፊልምም ዜናም ሲያዩ «ምን አለ?» ማለት አበዙ። መጀመሪያ ደገምንላቸው። ቀጥለን ድምፁን ጨመርንላቸው። ድምፁ ሲጨምር «ጮኸ እንጂ አልተሰማኝም» ይሉን ነበር። ይህችን ዓረፍተ ነገር ልብ በሉልኝ፤ የምርመራው ውጤት በሙሉ እሷ ውስጥ ነበር። አልሰማናቸውም። ሐኪም ዘንድ ወሰድናቸው። ሐኪሙ በትክክል የነገሩን ሁለት ነገር ነው፦ በዕድሜያቸው ምክንያት ቀጭን ድምፅ የመስማት አቅማቸው ቀንሷል፤ ጸጥ ባለ ክፍል ፊት ለፊት ከተነጋገራችሁ ግን በደንብ ይሰማሉ። እኛ የመጀመሪያውን ይዘን፣ ሁለተኛውን ሐኪም ቤቱ በር ላይ ጥለን ተመለስን። «አባባ ጆሯቸው ደክሟል» የሚለው የቤታችን ሕግ ሆነ።

ሕጉ ከወጣ በኋላ የሆነው ነገር ነው የሚያሳፍረኝ። ቡና ላይ ስናወራ ለእሳቸው ማስረዳት ስለሚያደክመን በላያቸው ላይ ማውራት ጀመርን። ሲጠይቁ «ምንም አይደል አባባ» እንላለን። ስንናገራቸው እንደ ሕፃን ቃል እየቆራረጥን፣ እየጮኽን። 34 ዓመት ሰው ሲናገር ያረሙ ሰው ዝም አሉ። ፊልም ስንከፍት ጋቢያቸውን ደርበው ወደ በረንዳ ይወጣሉ። «ብርድ ይመታዎታል» ስንላቸው «እዚያም ብርድ ነው» አሉን አንድ ቀን። እኔ ይህን ቅኔ ነው ብዬ አለፍሁት።

እኔስ ምን አደረግሁ? ኢንጂነር ነኛ! አሻሻልሁ። በ2009 ዓ.ም. ጉልበቱ የበለጠ አምፕሊፋየር ገዛሁ። ነገሩ ባሰ። ለምን እንደባሰ አሁን ይገባኛል፦ ወፍራሙ ድምፅ ሲያይል ቀጭኑንና ደካማውን ይሸፍነዋል፤ የጆሯችን ተፈጥሮ ነው። የተጎዳ ስፒከር ላይ ጉልበት መጨመር ለተሰበረ እግር ፈጣን ጫማ እንደ መግዛት ነው።

ነገሩን የፈታችው የያኔዋ የ11 ዓመት ልጄ ናት። ኅዳር 2011 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ማታ፣ የእንግሊዝኛ ፊልም እያየን ነው። አባባ እንደልማዳቸው ሊወጡ ሲነሡ እኔ በትዕግሥት መንፈስ፣ «እሷ ትንገርዎት፣ ልጅ ጆሮ አላት» አልኋቸው። ልጄ ወደ እኔ ዞራ «እኔም'ኮ አይሰማኝም አባዬ፤ የምከታተለው ከታች ያለውን ጽሑፍ እያነበብሁ ነው» አለች።

ቤቱ ጸጥ አለ። ቴሌቪዥኑ ብቻ ነበር የሚያጉረመርመው። ያቺን የስክሪን ጽሑፍ አባቴ ማንበብ አይችሉም፤ ትንሽ ናት። እኛ ግን ሁላችንም ሳናውቀው እያነበብን ነበር የምንሰማው። አማርኛ ፕሮግራም ላይ ደግሞ ጽሑፉ በሌለበት እኛም ግማሹን በግምት ነበር የምንሞላው። የሚጠይቁት እሳቸው ብቻ ስለነበሩ ነው ደንቆሮ የተባሉት።

እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያላችሁ የእኔ ዘመን ሰዎች የላብ ቴክኒሺያናችንን ታስታውሷቸዋላችሁ። ኮታቸውን የማያወልቁት፣ ኦሲሎስኮፑን እንደ ልጃቸው የሚሸፍኑት። ሰርኪዩታችን አልሠራ ሲል «ትራንዚስተሩ ተቃጥሏል ጋሼ» ብለን ስንሮጥ የሚመልሱልን ሁልጊዜ አንድ ነበር፦ «ለክተሃል?» አልለካንም። «እንግዲያው ምስኪኑን አትክሰስ፤ መጀመሪያ ለካ።» ጥርጣሬ ካላችሁ ደግሞ የሚሠራ በሆነ ነገር ቀይሩና እዩ ይሉን ነበር። ያን ምሽት ድምፃቸው ጆሮዬ ላይ ጮኸ።

አምፕሊፋየሩ ላይ የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያ አለ። የልጄን ማዳመጫ አምጥቼ ለአባቴ አጠለቅሁላቸውና ፊልሙን ትቼ የቀዳነውን የማታ ዜና ከፈትሁ። ያው አምፕሊፋየር፣ ያው ዜና፣ ያው ጆሮ። የተቀየረው ስፒከሩ ብቻ። አባቴ ጥቂት ሰምተው፣ «አሁን ገና አፉን ከፍቶ ተናገረ» አሉ።

አራት ዓመት። ማዳመጫ ሰክቶ ለመለካት የሚፈጀው ሁለት ደቂቃ ነው።

በማግሥቱ እሑድ መሐለኛውን ስፒከር ጠረጴዛ ላይ አወጣሁት። የፊት ጨርቁን ሳነሣ ሁለቱ ዉፈሮች ዙሪያቸውን የከበባቸው የስፖንጅ ቀለበት በጣቴ ሲነካ እንደ እርጥብ ጥላሸት ፈረሰ። ይህ የዚያ ዘመን ስፒከሮች የታወቀ በሽታ ነው። ኮኑ፣ ማለት ወረቀቱ፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ በነፃነት እንዲሄድ ጠርዙ ለስላሳ መሆን አለበት። ኤድጋር ቪልቹር የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1954 በታሸገ ትንሽ ሣጥን ውስጥ ያለውን አየር እንደ ሞላ ተጠቅሞ ወፍራም ድምፅ ማውጣት እንደሚቻል ካሳየ በኋላ ኮን ብዙ እንዲጓዝ፣ ጠርዙም በጣም ልል እንዲሆን ተፈለገ። የፖሊዩሬቴን ስፖንጅ ቀላል፣ ርካሽና ልል ስለሆነ ከ1970ዎቹ ጀምሮ በብዛት ገባ። ችግሩ እርጥበት፣ ብርሃንና አየር ቀስ በቀስ ይበሉታል፤ ብትጠቀሙበትም ባትጠቀሙበትም ከ10 እስከ 20 ዓመት ባለው ጊዜ ይፈርሳል። የጎማና የጨርቅ ጠርዝ ግን ረጅም ዕድሜ አለው። የእኛው ፈርሶ ኮኑ እየተንገዳገደ «ብርርር» የሚል ጩኸት ይጨምር ነበር።

የንግግሩ ሌባ ግን ሌላ ቦታ ነበር። ቱዊተሩን በመልቲሜትር ስለካው 5.9 ኦም አነበበ። 8 ኦም ተብሎ የተጻፈበት ስፒከር በመልቲሜትር ወደ 6 ገደማ ማንበቡ ጤናማ ነው። ወደ ክሮስኦቨሩ ዞርሁ። ወደ ቱዊተሩ የሚወስደው መንገድ ላይ 4.7 ማይክሮፋራድ የተጻፈበት አንድ ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተር ነበር። አንዱን እግሩን ነቅዬ ስለካው 1.9 አነበበ። ውስጡ ያለው ፈሳሽ ደርቋል።

ተማሪዎቻችንም ሆናችሁ መምህራኖቻችን፣ ቀመሩን ታውቁታላችሁ፤ የሁለተኛ ዓመት ነገር ነው። አንድ ሲካፈል ለሁለት ፓይ አር ሲ። 8 ኦምና 4.7 ማይክሮፋራድ ስታስገቡ መነሻው ወደ 4,200 ኸርዝ ይመጣል። 1.9 ስታስገቡ ግን ከ10,000 ኸርዝ ያልፋል። ማለት ቱዊተሩ ሥራ መጀመር ካለበት ቦታ እጅግ ርቆ ነው የሚጀምረው። መሐሉ ላይ የቀረው ክፍተት ውስጥ ምን አለ? «ሰ» አለ፣ «ፈ» አለ፣ «ሸ» አለ፤ «ተ»ን ከ«ጠ» የምንለይባት ያቺ ስንጥቅ የምትል ድምፅ ጉልህ ድርሻዋ እዚያ ነው። አናባቢው፣ ጉልበቱ፣ ጩኸቱ ታች ይቀራል። ጮኸ እንጂ አልተሰማኝም!

እኔ ደግሞ የስልክ ሰው ነኝ። የድሮው የስልክ መስመር ከ300 እስከ 3,400 ኸርዝ ብቻ እንደሚያሳልፍ በሥራ ዘመኔ ሁሉ የኖርሁበት ነገር ነው። ስልክ ላይ ስማችንን ስናስጽፍ «‹ሰ›፣ እንደ ሰላም» «‹ፈ›፣ እንደ ፈረስ» የምንለው ለዚህ ነው፤ የሁለቱ ልዩነት ከመስመሩ በላይ ስለሚቀር። ስለዚህ አባቴ አራት ዓመት የኖሩት ሁሉም ሰው በስልክ በሚያወራበት ሳሎን ውስጥ ነው። ይህን ማወቅ የነበረበት ሰው በአገሩ ቢፈለግ እኔ ነበርሁ።

ጥገናው ሦስት ወር ያህል ወሰደ፤ አብዛኛው ጥበቃ ነው። ወንድሜ ለገና ሲመጣ የስፖንጅ ቀለበቶቹን፣ ማጣበቂያውንና አዲስ ካፓሲተሮች በሻንጣው ይዞ መጣ። ቀለበት ሲመረጥ መጠኑ መግጠሙ ብቻ አይበቃም። አውስትራሊያዊው ኔቪል ቲል እ.ኤ.አ. በ1961፣ ከእሱም በኋላ ሪቻርድ ስሞል በ1970ዎቹ መጀመሪያ እንዳሳዩን፣ የስፒከሩ ጠባይና የሣጥኑ መጠን የሚጣጣሙት በቁጥር ነው፤ ከነዚያ ቁጥሮች አንዱ የጠርዙ ልስላሴ ነው። ጠንካራ ቀለበት ብታስገቡበት ሌላ ስፒከር ሠራችሁ ማለት ነው።

አሮጌውን ማጣበቂያ በአልኮል እያራስሁ በትዕግሥት ፋቅሁ። የኮኑን መሐል የሚሸፍነውን ክዳን በምላጭ ቆርጬ አነሣሁ። ጥቅል ሽቦው ከማግኔቱ ጋር እንዳይነካካ በመሐላቸው ዙሪያውን ቀጫጭን ቁራጮች ሰካሁ፤ ቁራጮቹን ያወጣሁት ከአባቴ የድሮ የራጅ ፊልም ነው። ቀለበቱን መጀመሪያ ከኮኑ፣ ሲደርቅ ከብረቱ ጋር አጣበቅሁ። 24 ሰዓት ተውሁት። ቁራጮቹን ነቅዬ 30 ኸርዝ ድምፅ ቀስ ብዬ ከስልኬ ለቀቅሁበት፤ የሚፋተግ ነገር ካለ እዚያ ላይ ይሰማል። ጸጥ ብሎ ተነፈሰ። ክዳኑን መልሼ አጣበቅሁ።

ያላበላሸሁት ነገር ግን የለም ብዬ አልዋሽም። ሁለት ጥፋት አጠፋሁ።

አንደኛው፣ ከሁለቱ ዉፈሮች የአንዱን ሽቦ ገልብጬ በየድሁት። አንዱ ሲወጣ ሌላው ይገባል፤ ድምፃቸው ይጣፋል። ንግግሩ ባዶ በርሜል ውስጥ እንዳለ ሰው ሆነ። ይህን የሚፈትሸው 1.5 ቮልት ባትሪ ነው፤ ባትሪውን ለቅጽበት ስታስነኩ ሁለቱም ኮኖች ወደ አንድ አቅጣጫ መሄድ አለባቸው። ባትሪው ቤት ነበር፤ የቸኮልሁት እኔ ነኝ።

ሁለተኛው ጥፋት ከፍ ያለ ነው። ወንድሜ ሁለት ዓይነት ካፓሲተር ነበር ያመጣው፤ እንደ ድሮው ያለውን ኤሌክትሮሊቲክና ውዱን የፊልም ካፓሲተር። የፊልሙ አይደርቅም፣ በሁሉም መለኪያ ይበልጣል። ስለዚህ የሚበልጠውን አስገባሁ። አባቴ ለአምስት ደቂቃ ሰሙና «አሁን ይሰማል፤ ግን ይወጋል» አሉ። ልቤ «እንግዲህ አበዙት» ለማለት ከጀለው። ከዚያ ግን ያችን ዓረፍተ ነገር፣ ጮኸ እንጂ አልተሰማኝምን፣ አስታወስሁ። እንደገና ለካሁ። የድሮው ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተር አዲስ ሳለም ቢሆን በውስጡ ትንሽ ሬዚስታንስ አለው፤ የስፒከሩ ነዳፊ ያንን ቆጥሮ ነው ቱዊተሩን ያመጣጠነው። የፊልሙ ካፓሲተር ያንን ሬዚስታንስ ስለሌለው ቱዊተሩ ከታሰበለት በላይ ጮኸ። ከካፓሲተሩ ጋር በተከታታይ 1 ኦም ሬዚስተር ከመርካቶ ገዝቼ ጨመርሁበት። ለውጡ 1 ዴሲቤል ገደማ ነው፤ በወረቀት ላይ ምንም አይደለም። የ78 ዓመቱ ሽማግሌ፣ ጆሯቸው ደክሟል የተባሉት ሰው፣ «እንዲህ ነው» አሉ።

እዚህ ላይ የተማርሁትን አንድ ነገር ልበል። ማሻሻል ማለት በተሻለ ዕቃ መተካት ይመስለን ነበር። ማሻሻል ግን የመጀመሪያው ሰው ምን አስቦ እንደነበር ካወቁ በኋላ የሚመጣ ነው። ለምሳሌ የመሐለኛው ስፒከር ማግኔቶች ከኋላቸው ሌላ ማግኔት ተለጥፎባቸዋል፣ በብረት ቆርቆሮም ተሸፍነዋል። የዚያ ዘመን ቴሌቪዥን ባለ ትልቅ ቱቦ ስለነበር ማግኔት ሲቀርበው ቀለሙ ሐምራዊ እየሆነ ይበላሻል፤ ልጆች ሳለን ማግኔት አስጠግተን የተገረፍን ብዙ ነን። ዛሬ ቴሌቪዥኑ ጠፍጣፋ ነውና «ይኼ ምን ያደርጋል» ብሎ ሁለተኛውን ማግኔት መንቀል ያምራል። ግን ያ ማግኔት የስፒከሩን ጉልበት ጭምር ይነካል፤ ቁጥሮቹ የተሠሩት እሱ ባለበት ነው። ተውሁት። የማይነካውን ማወቅም ሙያ ነው።

ያለቀ ዕለት የማታ ዜና ከፈትን። አባቴ ወንበራቸው ላይ፣ ጋቢያቸውን እንደደረቡ። አንባቢው ስለ አንድ የምግብ ዓይነት እየተናገረ «ይህ ምግብ በብዛት ይበላል» ሲል ማጥበቅ የነበረበትን አላልቶ አነበበው። አባቴ ከወንበራቸው ቀና ብለው፣ «ምግቡ ራሱ ነው እንዴ የሚበላው? አጥብቀው እንጂ አንተ ልጅ!» ብለው ጮኹ። ልጄ ሳቀች። ባለቤቴ ከጓዳ ወጣች። እኔ ሬዚስተሯን የገዛሁበትን ደረሰኝ የሆነ ቦታ አስቀምጨዋለሁ። ያን ምሽት ሦስት ስሕተት አረሙ። ወደ በረንዳ አልወጡም።

እውነቱን ለመጨረስ፣ ጆሯቸውም ደክሞ ነበር። ሐኪሙ አልተሳሳቱም። ስፒከሩ ከተስተካከለ በኋላ ተመልሰን ሄደን ሁለተኛውንም ምክር ሰማን፤ ዛሬ የጆሮ መሣሪያ ያደርጋሉ፣ እኛም ፊት ለፊት ሆነን እናናግራቸዋለን። ግን መሣሪያው የሚረዳው የሚመጣ ድምፅ ካለ ነው። ከስፒከሩ ያልወጣውን «ሰ» የትኛውም የጆሮ መሣሪያ አይፈጥረውም። ሁለቱም ችግር አብረው ነበሩ፤ እኛ ግን የሚቀለንን አንዱን መርጠን፣ ሊሟገተን የማይችለውን ሰው ከሰስን።

እንግዲህ የቤት ሥራ። ቤታችሁ የቆየ ስፒከር ያላችሁ፣ ዛሬ ማታ የፊት ጨርቁን አንሡና ጠርዙን እዩ። ስፖንጅ ከሆነና ከፈረሰ አትጣሉት፤ ቀለበቱ ይቀየራል። ጆሯችሁን ወደ ቱዊተሩ አስጠጉ፤ ጭር ካለ ወይ ከደበዘዘ ካፓሲተሩን ጠርጥሩ። ባለ ሁለት አቅጣጫ ኤሌክትሮሊቲክ ገበያ ላይ ካጣችሁ፣ ሁለት 10 ማይክሮፋራድ ተራ ካፓሲተር ኔጌቲቩን ከኔጌቲቭ አገናኝታችሁ በተከታታይ ብትይዙ 5 ማይክሮፋራድ ይሆንላችኋል፤ ለጊዜው ያድናል። የአሜሪካ አምፕሊፋየር ከሆነ ትራንስፎርመሩን አትርሱ። ከሁሉም በፊት ግን የጆሮ ማዳመጫ ሰክታችሁ አወዳድሩ።

ለዲፓርትመንታችን መምህራን ደግሞ አንድ ጥያቄ አለኝ። ማኅበራችን ለላብ ምን እንርዳ ብሎ በየዓመቱ ይመክራል። አዲስ መሣሪያ መስጠት መልካም ነው፤ እንስጥ። እኔ ግን የተበላሸ ዕቃም እንድንሰጥ ሐሳብ አቀርባለሁ። በየሳሎናችን፣ በየዕቃ ቤታችን የፈረሰ ስፒከር፣ የማይነሣ አምፕሊፋየር ሞልቷል። የሁለተኛ ዓመት ተማሪ አንድ የሞተ ካፓሲተር ነቅሎ 1.9 ሲያነብና የሰው ድምፅ በጆሮው ሲመለስ ከሰማ፣ ያንን ቀመር ዕድሜ ልኩን አይረሳውም። እኔ ቀመሩን በቃሌ አውቄ ከ20 ዓመት በላይ ስኖር አንድም ቀን ከአባቴ ወንበር ጋር አላገናኘሁትም ነበር። ዕቃውን ለማጓጓዝ እኔ መኪናዬን ይዤ ቅዳሜ ቅዳሜ እዞራለሁ። ስልኬ ጸሐፊው ጋ አለ።

አባቴ ዛሬ 84 ዓመታቸው ነው። ትናንት ማታ ይህን ንግግር አነበብሁላቸው። ሦስት ቦታ አርመውኛል፤ አንዱን እምቢ ብያለሁ፤ የትኛው እንደሆነ የአማርኛ መምህራን ፈልጉት። ስጨርስ ጥቂት ዝም ብለው፣ «የምትናገረው ስለ እኔ ጆሮ ነው?» አሉኝ። «ስለ ስፒከሩ ነው አባባ» አልኋቸው።

«እንግዲያው ጥሩ። ለሰዎቹ ግን ሳይጠይቁ ቢቀሩም እንኳ አንድ ነገር ንገርልኝ» አሉ። «እኔ ያኔም ነግሬያቸው ነበር።»